የአኦርታን ስፋት ለብቻው አታንብቢው

ውድ ልጄ፣

«የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ አኦርታው፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ መስፋት የለበትም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ማንሳት ለጀመረች ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን «አዎ» ብቻ አይደለም።

አኦርታ እንደ ብረት ቧንቧ ግትር አይደለም። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሲገፋ ግድግዳው ይለጠጥና ከፊሉን ይይዛል፤ ልብ ሲያርፍ ይሰበሰብና የያዘውን ወደፊት ይሰዳል። የሚያለጥጠው ኤላስቲን የሚባለው የግድግዳው ክር ነው፣ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው ደግሞ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ክር። ኤላስቲን በልጅነት ይሠራል፤ ካደግን በኋላ የተበጠሰው በደንብ አይተካም። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል መለጠጥ ያደክመዋል፣ ከፍተኛ ግፊት ደግሞ ድካሙን ያፈጥነዋል።

ከአኦርታ ሥር፣ ማለትም ከልብ ከሚነሳበት ክፍል፣ ስፋት ጋር ይበልጥ አብሮ የሚሄደው የደም ግፊቱ ታችኛው ቁጥር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ግፊቱ 170/70 የሆነ ሰው የአኦርታ ሥሩ ጠበብ ብሎ ብታገኚው አትደነቂ። ጠባብና ግትር ቱቦ ያንኑ ደም ሲቀበል ላይኛው ቁጥር ሽቅብ ይወጣል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ግፊቱ በሬዲየሱ (በቱቦው ስፋት ግማሽ) ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። አኦርታው ከ3 ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ፣ ግፊቱ ባለበት ቢቆይ እንኳ ውጥረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ግድግዳው ስለሚሳሳ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ለአንዱ ሰው ምንም ያልሆነ ላይኛ ቁጥር 140፣ ለሌላው ከባድ ሸክም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የደሙ ፍጥነት ግን ይቀንሳል። በዚያው ምሳሌ ደሙ የሚያልፍበት ክብ የገጽ ስፋት 2.25 እጥፍ ስለሚሆን ደሙ ከግማሽ ባነሰ ፍጥነት ያልፋል፣ ይሽከረከራል። ባበጠ የሆድ አኦርታ ግድግዳ ላይ የረጋ ደም የምታዪው ለዚህ ነው። ከልብ ወደ አኦርታ የሚያስገባው በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ በሦስት ፈንታ ሁለት ክንፍ ብቻ ሲኖረው ደግሞ ደሙ ወደ ጎን ተወርውሮ ግድግዳውን በአንድ በኩል ይመታዋል። ግፊቱ ደህና የሆነ ወጣት አኦርታው ሰፍቶ ካገኘሽ፣ አስቀድመሽ የቫልቩን ክንፎች ቁጠሪ።

ስትለኪ ተጠንቀቂ፤ መስመርሽ ቱቦውን በ90 ዲግሪ ያቋርጥ። 30 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 3.5 የነበረው 4.0 ሆኖ ይጻፋል፣ ጤነኛው ሰው በከንቱ ይሸበራል። ከቀድሞው ጋር የምታወዳድሪው በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ዘዴ የተለካውን ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ልዩነት የልኬት ስህተት ሊሆን ይችላል። ከስፋቱ ጎን ቁመቱንና የዚያን ሰዓት ግፊቱን ጻፊ። ግፊቱን ስትለኪ 5 ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጥ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ይሁን። ለክንዱ የጠበበ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

አኦርታው የሰፋ ሰው ትንፋሹን ይዞ ከባድ ነገር እንዳያነሳ አጥብቀሽ ንገሪው፤ በዚያች ቅጽበት ላይኛው ቁጥር ከ300 በላይ ሊደርስ ይችላል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች ሲታዘዙለትም ስለ አኦርታው ለሐኪሙ ይንገር።

ደረቱን ወይም ጀርባውን በድንገት እንደሚቀድ ሆኖ ያመመው ሰው ከመጣ ግፊቱን በሁለቱም ክንዶች ለኪ። ቁጥሮቹ በጣም ከተራራቁ የአኦርታ ግድግዳ መሰንጠቅን ጠርጥሪ፤ እኩል ቢሆኑም ግን አትዘናጊ። ተራ እንዲጠብቅ አታድርጊው፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

አባትሽ