ጠመንጃ ያልያዘም ምርኮኛ ነበር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጦር ምርኮኞች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ምርኮኛ ማለት በጦር ሜዳ ትጥቁን የፈታ ወታደር ብቻ እንደሆነ ተጽፎ አነበብሁ። ጽሑፉ በሌላው ሁሉ የተደከመበት ነው፤ ይህ አባባል ግን ትክክል ስላልሆነ፣ በደብረ ብርሃን ለረጅም ዓመታት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

በጥቅምት 1933 ዓ.ም. አትላንቲስ የምትባለው የጀርመን የጦር መርከብ፣ የንግድ መርከብ መስላ በሕንድ ውቅያኖስ ስትዘዋወር ዱርሚቶር የተባለችውን የዩጎዝላቪያ ጭነት መርከብ ማረከች። የጀርመኑ አዛዥ ቀደም ሲል ካሰጠማቸው መርከቦች የሰበሰባቸውን ከ250 የሚበልጡ ምርኮኞች በዚህች መርከብ አሳፍሮ፣ ጣሊያን ወደያዘው የሶማሊያ ጠረፍ ላካቸው። ዱርሚቶር የጫነችው ጨው ስለነበር ምርኮኞቹ የተኙት በዚያው በጨው ክምር ላይ ነው። ከሰሉ ለጉዞው የሚበቃ አልነበረም፤ የሚጠጣው ውሃም እየተሰፈረ ይታደላቸው ነበር። አንድ ወር ያህል በዚህ ሁኔታ ተጉዘው በኅዳር ዋርሼክ ደረሱ፤ ከዚያም ብዙዎቹ መርካ ላይ ታስረው ቆዩና የእንግሊዝ ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲይዝ ነጻ ወጡ።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? እሳት ቆስቋሾች፣ ወጥ ቤቶች፣ መርከብ ጠራጊዎችና መሪ ጨባጮች፣ ከእንግሊዝ፣ ከሕንድና ከሌሎችም አገሮች እንጀራ ፍለጋ ባሕር የገቡ ሠራተኞች ነበሩ። እስከ ግንቦት 1933 ዓ.ም. ድረስ በነበረው አሠራር የእንግሊዝ የንግድ መርከበኛ የሥራ ውል መርከቡ በሰጠመበት ቀን ያበቃ ነበር። ሰውየው በጀልባ ላይ ሲንሳፈፍ ወይም በጠላት እጅ ሲወድቅ፣ የተቀጠረበት ሥራ በዚያው ቀን አብቅቶ ነበር ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ሰው ሩቅ አይደለም። ደናኔ የሚባለው የጣሊያን የግዞት ካምፕ የነበረው በዚያው ጠረፍ፣ ከሞቃዲሾ ወደ መርካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የተጋዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በግንቦት በደብረ ሊባኖስ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ የገዳሙ ሰዎችም ጭምር፣ የታሰሩት እዚያ ነበር። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ደናኔ ደርሰው ከተመለሱት አንዱ ወንድ አያቴ ነበሩ፤ ሲያዙ ገና የዜማ ተማሪ ነበሩ፣ ጠመንጃ ተኩሰውም አያውቁም። ስለ ባሕሩ ብንጠይቃቸው መልስ አይሰጡንም ነበር። ነገር ግን ውሃ ሲቀርብላቸው፣ ከቤታችን በላይ ካለው ምንጭ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ቢሆንም እንኳ፣ ጣሳውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው መጀመሪያ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱታል፤ ጨው እንደሌለበት ሲያረጋግጡ ነው የሚጠጡት። የደናኔ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማ እንደነበር ያወቅሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ አንብቤ ነው። ስለ ዱርሚቶር መርከበኞች ባነበብሁ ቁጥር ያቺ ጣሳ ትታየኛለች።

ሕጉም ቢሆን ከጽሑፋችሁ ጋር አይስማማም። በ1941 ዓ.ም. የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 4 የንግድ መርከብ ሠራተኞችን፣ ከካፒቴኑ እስከ ተለማማጁ፣ በጠላት እጅ ሲወድቁ የጦር ምርኮኛ ይላቸዋል። ይህ የተጻፈው እንዲሁ አይደለም፤ ጀርመን አገር ብሬመን አጠገብ በነበረው ሚላግ ኖርድ በሚባለው ካምፕ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ የንግድ መርከበኞች ለዓመታት ታስረው ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። በመጪው ግንቦት የደብረ ሊባኖስን ሰማዕታት ስታስቡም፣ ከደናኔ የተመለሱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በየቤታቸው ያስቀመጡትን ቃልና ወረቀት የሚያወጡበት አንድ ገጽ ብትፈቅዱ፣ ከፍቼም ከመንዝም ከደብረ ብርሃንም የሚጽፍላችሁ አይጠፋም። እኔም አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው የነገሩኝን ጥቂት ነገር የጻፍሁበት ደብተር ስላለኝ፣ ከፈለጋችሁት ቅጂውን እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን