ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ጣናው ጉዞና ልጆች ስለሚይዙት ምሳ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በየዓመቱ የሚያደርጉት የጣና ጉዞ ዘንድሮም አልቀረም። ሁለት ነገር ግን ተለውጧል። ጉዞው ወደ ደቅ ደሴት መሆኑ ቀርቶ ወደ ዘጌ ሆኗል። ልጆቹ በሚይዙት ምሳ ውስጥም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ እንዳይኖር ወስነናል። ምክንያቱ በሐይቁ ዳር ባሉ አንዳንድ ቀበሌዎች በከብቶች ላይ አፍተግር የሚባለው የአፍና የእግር ተላላፊ በሽታ ምልክት ታይቶ የከብት ዝውውር መገደቡ ነው። ማስታወቂያውን ከለጠፍን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁም ስልክ ደውላችሁም «ገደቡ የተጣለው በከብት ላይ ነው፤ የልጅ ምሳ ዕቃ ምን አገባው?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሁለት መስመር ማስታወቂያ የሚመለስ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ልጆቻችሁ ጤና ለሰጋችሁ፦ አፍተግር ለሰው የሚያሰጋ በሽታ አይደለም። በሕፃናት ላይ እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ሽፍታ የሚያወጣው ሕመም ከሌላ ቫይረስ የሚመጣ ነውና ከዚህ ጋር አይገናኝም። አፍተግር የሚይዘው ሸኮናቸው ለሁለት የተከፈለ እንስሳትን ነው፤ ከብትን፣ በግን፣ ፍየልን፣ አሳማን። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ አይዛቸውም። የታመመ ከብት አፉ ውስጥ፣ ሸኮናው መካከልና ጡቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያነክሳል፣ መኖ ይተዋል። ትልቁ ከብት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ጥጃ ግን በሽታው ልቡን ስለሚጎዳው በድንገት ሊሞት ይችላል። የተረፈችው ላም ወተቷ ይቀንሳል፤ በሬውም በእርሻ ወራት ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በፎገራ ላም በምትታወቅ አገር፣ በአንድ ጥማድ በሬ ዓመቱን ለሚገፋ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው ልምጣ። ቫይረሱ የሚጓዘው በከብቱ እግር ብቻ አይደለም። በለሃጩና በትንፋሹ ይወጣል፤ በወተቷም ይወጣል፣ ያውም ላሟ የሕመም ምልክት ሳታሳይ ከቀናት በፊት ጀምሮ። ከብቱ ከታረደ በኋላ ጡንቻው ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱን ያጠፋዋል፤ በመቅኒውና በዕጢዎቹ ውስጥ ያለው ግን ሳይጠፋ ይቆያል። ስለዚህ አጥንት ያለው ሥጋ ዋነኛው ሥጋት ነው። ቋንጣም ጨው ገብቶበት መድረቁ በእሳት እንደበሰለ አያስቆጥረውም። ሥጋ ከዚህ ቫይረስ የሚነጻው መሐሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሲቆይ ነው። እያንዳንዱ ምሳ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዴት እንደበሰለ ወደቡ ላይ ቆሞ ሊያረጋግጥ የሚችል መምህር የለንም።

ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ ለሚመስላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ አገር የደረሰውን አስታውሳለሁ። በሰሜን እንግሊዝ አንድ አሳማ አርቢ ከምግብ ቤት የተሰበሰበ ትርፍራፊ በሚገባ ሳይቀቀል ለአሳማዎቹ አበላ፤ በሽታው የገባው በዚያ መንገድ እንደሆነ ይታመናል። በሽታውን ለማቆም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። ሀብታምና የተደራጀ የእንስሳት ሕክምና ያለው አገር ነው፤ የኛ ገበሬ እንዲህ ያለውን ኪሣራ የሚሸፍንለት የለም።

ያ ትዝታ ስላልጠፋ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ በሽታው ጀርመን፣ ከዚያም ሃንጋሪና ስሎቫኪያ ውስጥ ሲገኝ እንግሊዞች አልጠበቁም። ከሚያዝያ 12 ቀን 2025 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች በመርከብም ሆነ በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ለራሱ የያዘውን ሥጋና የወተት ውጤት ወደ ታላቋ ብሪታንያ እንዳያስገባ ከለከሉ። ከፈረንሳይ በመርከብ የሚሻገር ሰው ሥጋ ወይም አይብ ያለበት ሳንድዊች ሳይቀር ይወሰድበታል፤ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ፣ የታሸገ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ቅጣቱ በከባድ ጥፋት እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። በሌላ በኩል ለሕፃናት የሚሆን የዱቄት ወተትና በሕክምና ምክንያት የሚያስፈልግ ምግብ በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። ይህን ሚዛናቸውን ወድጄዋለሁ፤ በእኛም ጉዞ ልጁ በሐኪም የታዘዘ ምግብ ካለው ለክፍል ኃላፊው አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ይያዝለታል።

የእኛ አገር ታሪክም ከዚህ የባሰውን ያውቃል። በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከብቱን የፈጀው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የገባው ለጣሊያን ጦር በመርከብ ምጽዋ ከወረዱ ከብቶች ጋር እንደሆነ ይነገራል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረሃብ ተከተለ። ደስታ በክትባትና በከባድ ልፋት እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። አፍተግር ግን ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ፣ ለአንዱ ዓይነት የተሰጠ ክትባት ሌላውን ስለማይከላከል፣ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ከብቱን በያለበት ማቆየት እስካሁንም ዋናው መከላከያ የሆነው ለዚህ ነው።

ደቅን የተውነው በዚሁ ምክንያት ነው። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ሕዝቡ በበሬ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። ዙሪያውን የከበበው ውሃ ለከብቱ አጥር ነው። ይህ አጥር የሚፈርሰው በጀልባ በሚጫን ነገር ነው፤ በሽታው አንዴ ከተሻገረ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙም ክትባቱም እዚያ የሚደርሱት በጀልባ ተጭነው ነው። በየዓመቱ ልጆቹን «ይህን ለአክስትህ አድርስልኝ» እያላችሁ ለጋ ቅቤና ሙዳ ሥጋ ደሴቱ ላይ ላሉ ዘመዶቻችሁ እንደምትልኩ አውቃለሁ። መልካም ልማድ ነው፣ ልከለክለውም አልወድም። ዘንድሮ ግን ለዘመድ የሚጠቅመው አለመላክ ነው። ስኳርና ቡና ላኩላቸው፤ እሱንም በሌላ ጊዜ።

ዘጌን የመረጥነው ደግሞ በገዳማቱ ትውፊት መሠረት እዚያ በበሬ ስለማይታረስና ከብት ስለማይረባ ነው። ሕዝቡ የሚተዳደረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ልጆቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያሉ፣ በቡናው ጥላ ሥር ይሄዳሉ፣ ሥዕሎቹን ከታሪክ መምህራቸው ጋር ይመለከታሉ። ከደቅ ያነሰ ጉዞ አይደለም፤ እንዲያውም ለዚህ ዓመት ትምህርታቸው ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል።

ስለ ምሳው ለልጆቹ የነገርናቸው ደንብ አጭር ነው፦ የጾም ምግብ የሆነ ሁሉ ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም ለብ ለብ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ በዘይት ወይም በማር። ለማይጾሙ ልጆች የተቀቀለ እንቁላልና የተጠበሰ ዓሣ እንጨምራለን፤ ዶሮም ዓሣም በዚህ በሽታ አይያዙምና። ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ ስለማይሠራ ቤት ይቅር። ንጥር ቅቤ እሳት ስላየ ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ልጆችን «ይህ ቅቤ ይሆናል፣ ያ አይሆንም» እያሉ መፈተሽ ስለሚያስቸግር ሁሉንም ትተናል። የተረፈ ምግብ ሐይቁ ውስጥም ሆነ ዱሩ ውስጥ አይጣልም፤ በያዙት ፌስታል ተመልሶ ይመጣል። እናንተም ያንን ትርፍራፊ ለላም ወይም ለበግ እንዳትሰጡ አደራ እላለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በግቢያቸው ላም ላላቸው ቤተሰቦች ነው፤ በተለይ ልጆቻችሁ ጠዋት አጭደው፣ አልበው፣ በረት ጠርገው ወደ ትምህርት ቤት ለሚመጡት። እነዚህን ልጆች አከብራቸዋለሁ፤ ማንም ከጉዞው አይቀርም። በረት የገቡበትን ጫማ አድርገው ግን አይምጡ። ሌላ ጫማ ከሌለ ጭቃውና ፋንድያው እስኪለቅ በብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም እንዲሁ። ላማችሁ ለሃጭ ካበዛች ወይም ካነከሰች ሳትደብቁ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ ወተቷንም ሳታፈሉ ለማንም አትስጡ። ለእኛም ንገሩን። የልጁን ስም በክፍል ውስጥ የሚያነሳ መምህር አይኖርም፤ ለዚህ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የምትሄዱ ወላጆችም አላችሁ። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረትም ሆነ ወደ ብሪታንያ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ይዞ መግባት በማንኛውም ጊዜ የተከለከለ ነው። ቋንጣውና ቅቤው ጉምሩክ ላይ ቢወሰድባችሁ የደከማችሁበት ከንቱ ይቀራልና ሻንጣችሁን በበርበሬ፣ በሽሮና በተቆላ ቡና ሙሉት።

ጉዞው በመጪው ቅዳሜ ነው። ተማሪዎች ከጠዋቱ 1፡30 ወደቡ በር ላይ ከክፍል ኃላፊዎቻቸው ጋር ይገናኛሉ፤ ከ10 ሰዓት በፊት ይመለሳሉ። የሕይወት ጃኬት ለሁሉም ተዘጋጅቷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ መልሱልን። በግቢያችሁ ከብት መኖር አለመኖሩን የሚጠይቀውን መስመር እባካችሁ ባዶ አትተዉት። ምሳ ማዘጋጀት የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ወይም በቃል አሳውቁ፤ ትምህርት ቤቱ ሽሮ በእንጀራ ያዘጋጃል፣ ክፍያ የለውም።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር
ባሕር ዳር