«ለምን ወደድከው?»፦ የሙዚቃና የቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የጀመረውም በጭቅጭቅ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አይሲቲ ክፍል ተሰብስበን፣ «እስቲ እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን ዘፋኝ ተናገሩ» አልኳቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ሰኞ ገበያ ሆነ። አንዷ የደቡብ ኮሪያውን ቡድን ቢቲኤስን ጠራች፤ ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ሮፍናን ያለ አለ። ቡርና ቦይ ያለ አለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ሲል እሱም ተሳቀበት። «ያንተ የሽማግሌ ነው!» «ያንቺስ? ቋንቋው እንኳ አይገባሽም!» ደወል ባይደወል ኖሮ እስከ ማታ ይቀጥሉ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው አመሸሁ። ልጆቹ የሚወዱትን ያውቃሉ። ለምን እንደሚወዱት ግን የጠየቃቸው ሰው የለም። በሚቀጥለው ረቡዕ ሰሌዳው ላይ አንድ ደንብ ጻፍኩ። «ምርጥ ነው» እና «አይረባም» ማለት ክልክል ነው። የሚፈቀደው «ለምን ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚመልሰው ልጅም ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ያሳያል። ስንተኛው ደቂቃ ላይ? የትኛው መሣሪያ ሲገባ? ድምፁ ምን ሲሆን?

ለዚህ ስልክ ያስፈልግ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ረቡዕ ጠዋት በር ላይ ስልኮቹ በስም ተመዝግበው ካርቶን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ 9 ሰዓት ላይ እኔ ፈርሜ አወጣለሁ፤ ስንጨርስ ቆጥሬ አስረክባለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ስልክ አልጠፋም። ልጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል። የራሳቸው ተች ስልክ የሌላቸው ብዙ ነበሩ። የእናታቸውን ቁልፍ ስልክ ይዘው የመጡም አሉ። ሚሞሪ ካርድ ከተቀበለ ለእኛ በቂ ነበር።

ቢቲኤስ ያለችው ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ዘፋኞቹ ሰባት ናቸው። ማን በስንተኛው ሰከንድ እንደሚገባ አንድ በአንድ ጽፋዋለች። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዘፈኑን ከፈተች፤ ዓይኗን ጨፍና ስማቸውን ትጠራ ጀመር። ሰባቱንም በድምፃቸው ትለያለች። ከዚያ ሌሎቹም ለመለየት ሞከሩ። ከሦስት በላይ የለየ አልነበረም። ያን ቀን የሳቀ የለም።

የጥላሁኑ ልጅ መጀመሪያ የሰጠው መልስ «አባቴ ጢሙን ሲላጭ ስለሚያንጎራጉረው» የሚል ነበር። እሱም ምክንያት ነው አልኩት። ግን ዘፈኑ ውስጥ ያለውንም ፈልገህ አምጣልኝ አልኩት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። «ቲቸር፣ ቃሉን ይጨርሳል እንጂ ድምፁን አይጨርስም» አለኝ። ከፍቶም አሰማን። እውነቱን ነው። ቃሉ ካለቀ በኋላ ድምፁ ይቀጥላል፤ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። ሰላሳ ዓመት የሰማሁትን ዘፋኝ እንደ አዲስ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መንዙማ ያመጣ ልጅም ነበር። «ይሄማ ዘፈን አይደለም» አሉት። «አይደለም፤ የምወደው ድምፅ ግን እሱ ነው» አለ። ነገሩን ለልጆቹ ተውኩላቸው። እነሱም መንዙማና መዝሙር ይደመጣሉ፣ ከዘፈን ጋር ግን አይወዳደሩም ብለው ወሰኑ። የወሎ ልጅ ይህን ከእኔ መማር አያስፈልገውም።

ታኅሣሥ ላይ ከባህል ክበብ ባለ ስድስት ክር ክራር ተዋስን። ይህን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ የዓመቱ ትልቁ ትምህርታችን እዚያ ላይ ስለነበር ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩ ላይ የመቃኛ አፕ ጫነ። ክሩን ስትመታው መርፌ ትወዛወዛለች፤ ድምፁ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ቃኘን። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ ደስ አለን። ከዚያ ወደ አንቺ ሆዬ ዞርን። እሱም በአፑ ልክ ተቃኘ። ሲመታ ግን ጆሮ አልያዘውም። ምን እንደጎደለው ማናችንም መናገር አልቻልንም።

የግቢያችን ጥበቃ በመስኮት ቆመው ይሰሙ ነበር። «ልግባ?» አሉ። ክራሩን ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስደግፈው ሁለት ክሮችን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ አዞሩ። ስልኩ ወዲያው ቀይ አበራ። ልጁም ደንግጦ «ጋሼ፣ አበላሹት!» አለ። እሳቸው ቀና ሳይሉ መቱት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንቺ ሆዬ መጣች።

ስልኩ አልተሳሳተም። አፑ የተሠራው በፒያኖ ልክ ነው፤ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ይከፍላል። ክራር በጆሮ የሚቃኝ ሰው ግን ድምፁን በእነዚህ ክፍፍሎች መካከልም ሊያሳርፈው ይችላል። ልጆቹ ይህን ከእኔ ቢሰሙት ደብተር ላይ ጽፈው ይረሱት ነበር። ቀይ መብራት እያዩ ትክክለኛውን ድምፅ መስማት ግን አይረሳም። የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ በጆሮው ይቃኛል፤ ስልኩን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ አባሎቻችን ከአራቱ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) ሁለቱ የጎረቤቶቻችን ስም መሆናቸውን አላስተዋሉም ነበር። ባቲ ማለት ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ስንወርድ የምናገኛት፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ ናት። አምባሰልም ከሐይቅ ወዲያ ነው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ከፍተን ስንሰማ አንዷ ልጅ «የአያቴ አገር እኮ ነው!» ብላ ተነሳች።

ኅዳር ላይ ከአባላት መዋጮ ሰብስበን የብሉቱዝ ስፒከር ገዝተን ነበር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ምሎልናል። አሥራ አምስት ቀን እንኳ አልሠራም። ልጆቹ በጣም አዘኑ፤ እኔም ተናደድኩ። ስንፈታው ከአንዲት ትንሽ ባትሪ ጎን ክብደት እንዲጨምር የተለጠፈ ብረት አገኘን። ገንዘቡ አልተመለሰም። የውስጡ ድምፅ ማውጫ ግን ደህና ነበርና ለትምህርት ዋለ። ማግኔቱንና ጥቅልል ሽቦውን በዓይናቸው አዩ። ወረቀቱ ሲርገበገብ በጣታቸው ነክተው ድምፅ ምን እንደሆነ ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ ትልቅ ድምፅ ሲያስፈልገን የሚኒ ሚዲያን ሞንታርቦ እንዋስ ነበር።

የፋይል ጥራትም ፈትነናል። አንድን የአራት ደቂቃ ዘፈን በሁለት መልክ አስቀመጥን፦ በሰከንድ 64 ኪሎቢት እና 320 ኪሎቢት። የመጀመሪያው 2 ሜጋባይት አይሞላም፤ ሁለተኛው ወደ 10 ይጠጋል። ኤምፒ3 ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ድምፅ እየጣለ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው። በስልኩ ስፒከር ሲሰሙት ብዙዎቹ ልዩነቱን አልለዩም። በደህና ኢርፎን ሲሆን ግን የሲምባሉ ድምፅ ውኃ ውስጥ የገባ ያህል እንደተሟሸሸ ለዩት። ዘፈን በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ጥራቱ ይቀንሳል የሚለው እምነትም ፈረሰ። ፋይሉ እንዳለ ነው የሚገለበጠው። የሚያበላሸው ፋይሉን ለማሳነስ ደጋግሞ መጭመቅ ነው።

ስለ ጆሮም ተነጋግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል ይላል። ድምፁ 90 ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። ይህን ከሰማን በኋላ የሁሉም ስልክ ድምፅ ሁለት ሦስት ደረጃ ወረደ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ተማሪ የአባቱን ቴፕ ይዞ መጣ። በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ሲበረበር ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ሄዷል። ቴፑንና አንድ ካርቶን ካሴት ግን ማንም አልነካቸውም። ቴፑ ይሽከረከራል፤ ዘፈኑ ግን ይጎተታል። በከተማችን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ወሰድነው። ሰባት ሆነን ጠባቧ ሱቅ ውስጥ ታጨቅን። ሽማግሌው «አብሽሩ ልጆች፣ አልሞተም» አሉን። ከፍተው የላላውን ቀጭን ላስቲክ ቀየሩ። ከዚያ ጥጥ አልኮል ነክረው ካሴቱ የሚነበብበትን ሄድ ቀስ ብለው ጠረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆነ። «ይህን አያችሁ? ዝገት ነው። ዘፈኑ የተጻፈው በዝገት ነው» አሉ። ልጆቹ ቀልድ መሰላቸው። ነገሩ ግን እውነት ነው። የተራ ካሴት ክር በደቃቅ የብረት ኦክሳይድ የተቀባ ነው፤ ድምፁም እዚያ ላይ በማግኔት ይታተማል።

ትምህርት ቤት ስንመለስ ሒሳብ ሠራን። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 1800 ሰከንድ ነው። ሲባዛ 86 ሜትር ገደማ ይመጣል። አላመኑም። የተበላሸ ካሴት ፈትተን ክሩን ግቢው ላይ ዘረጋነው። ከባንዲራ መስቀያው ተነስቶ ቤተ መጻሕፍቱ ደርሶ ተመለሰ፤ አሁንም አላለቀም። ፊሊፕስ ይህን ነገር ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን (በኪስ የሚያዝ ቴፕ) እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያወጣ ሁለት የኢርፎን ቀዳዳ ሠርቶለት ነበር፤ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ። ይህን ስናገር ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ልጆች አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለው ነበር።

«ቲቸር፣ የእርስዎስ ምርጫ?» ብለው የጠየቁኝም ያኔ ነው። ደንቡ ለእኔም ይሠራል። ኃይሉ መርጊያን አሰማኋቸው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ሙዚቀኛው ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ለምን ወደድኩት? አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል። በዜማዎቹ መካከል የአየሩን መግባትና መውጣት እሰማለሁ። ከማሽኑ ምት ጎን ያ ትንፋሽ ሲመጣ ሰውዬው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ሚያዝያ ላይ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርን። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ አንድ ገመድ፣ አውዳሲቲ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር፣ ሌላ ምንም። ማፋጠን የለም። የአንድ ሰዓቱ ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከአያቷ ሳጥን ያገኘችውን ካሴት አመጣች። ላዩ ላይ የአንድ ዘፋኝ ፎቶ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ዘፈን ነው። ሁለተኛውን ስንገለብጠው ትንሽ ተንሻሸና የሴት ድምፅ ወጣ። «እማዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» የልጅቷ እናት ነበረች። ሳትወልዳት በፊት፣ አረብ አገር ሆና፣ በዘፈኑ ላይ ደርባ ቀድታ በሰው እጅ የላከችው ደብዳቤ ነው።

ልጅቷ ማቆሚያውን ተጫነችው። «ቲቸር፣ ብቻዬን ልስማው?» አለችኝ። ሁላችንም ወጣን። በሩን ገርበብ አድርገን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ማንም ስልኩን አላወጣም። ግማሽ ሰዓት ቆይታ በሩን ስትከፍት ፍላሹን በእጇ ይዛ ነበር፤ ፋይሉ ተገልብጧል። ያን ዕለት «ለምን ወደድሽው?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

እስከ ሰኔ ድረስ 19 ካሴት ገልብጠናል። ከባለቤቶቹ ፈቃድ ያገኘናቸው አይሲቲ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል፤ የቤተሰብ ድምፆቹ ግን ለቤተሰቡ ብቻ ተሰጥተዋል። ክራሩን ለባህል ክበብ መልሰናል፤ አንድ የተበጠሰ ክር ቀይረንለታል። በ2018 ረቡዕ ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ እንቀጥላለን። ቤታችሁ ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ። ሻጋታ ያለበትን ግን ለብቻው በፌስታል ቋጥሩት፤ የቴፑን ሄድ ያበላሽብናል።