ለጤና ሚኒስትሯ ግልጽ ደብዳቤ፦ የሴሬብራል ፓልሲ ሕክምና እዚሁ አገራችን ይጠና

ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ
የኢፌዴሪ ጤና ሚኒስትር

ክብርት ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር) ካለባቸው ሕፃናትና ከእናቶቻቸው ጋር ነው። የምጽፍልዎት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ለእነዚህ ልጆች ከሚሰጠው ሕክምና የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንደማይጠቅም እዚሁ አገራችን ውስጥ ይጠና። ሚኒስቴሩ የጥናቱ ባለቤት ይሁን። በጀትም ይያዝለት።

እርስዎ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስለሆኑ ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ከእኔ በላይ ያውቁታል። ምጡ ይረዝማል፣ አምቡላንሱ ይዘገያል፣ ሕፃኑ ታፍኖ ይወለዳል። ወይም ያለ ጊዜው ይወለዳል። ወይም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሰውነቱ ቢጫ ይሆንና እናቱ "ፀሐይ አሙቂው" ትባላለች፤ ቢጫነቱ በርትቶ አንጎሉን ሲጎዳው የሚያይለት የለም። አንዳንዱን ደግሞ ከተወለደ በኋላ ማጅራት ገትር ይይዘዋል። አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚያ በኋላ አይባባስም። እየባሰ የሚሄደው ሰውነቱ ነው። ጡንቻው ይገተራል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ዳሌው ቀስ እያለ ከቦታው ይወጣል። የእኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

እናቶች እኛ ጋ ሲደርሱ ልጁ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት አልፎታል። አንገቱን አልያዘም፣ አልተቀመጠም። እስከዚያ "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ታገሺ" ሲባሉ ቆይተዋል። ወጌሻ አሽቶታል። ጸበል ሄደዋል። በጸበሉ ቅሬታ የለኝም፤ እናት ተስፋዋን የምታሳርፍበት ቦታ ያስፈልጋታል። የሚያሳዝነኝ እኛ የምንሰጣት መልስ ነው። "ስፖርት አሠሪው" እንላታለን። በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ወር? የትኛውን እንቅስቃሴ? አንዱ ባለሙያ አንድ ነገር ይነግራታል፣ ሌላ ሆስፒታል ስትሄድ ሌላ ትሰማለች። ልጇን አዝላ በታክሲና በሚኒባስ የምትመላለስ እናት ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባታል።

በዓለም ላይ ማስረጃ የለም ማለቴ አይደለም። አዮና ኖቫክ የምትባል አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከዚያም በ2020 ያለውን ጥናት ሁሉ ሰብስባ እያንዳንዱን ሕክምና እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብላ መድባዋለች። አረንጓዴ ያገኙት ልጁ ራሱ የሚሠራባቸው ናቸው። ልጁ ሊችለው የሚፈልገው አንድ ነገር ይመረጣል፤ ለምሳሌ ኩባያ ማንሳት ወይም ከወንበር መነሳት። ያንን በእውነተኛ ቦታው ደጋግሞ ይለማመደዋል። አንድ ወገኑ የደከመበት ልጅ ደግሞ ደህናው እጁ ለተወሰነ ሰዓት ይታሰርና በደካማው እንዲሠራ ይደረጋል። ወላጅ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ የሚያሠራው ልምምድም አረንጓዴ ነው። ልጁን አስተኝቶ እግሩን መሳብ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ይኸው ማስረጃ ያሳያል። እኔ ባየኋቸው ቦታዎች ግን በብዛት የሚሠራው መሳቡ ነው።

ታዲያ የውጭውን ወስደን ብንሠራበት ለምን አይበቃም? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ታፍኖ የተወለደን ሕፃን ሰውነት ለ72 ሰዓት ወደ 33.5 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማቆየት በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደ ሕክምና ነው። ሞትንም የአንጎል ጉዳትንም እንደሚቀንስ እዚያ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሄሊክስ የተባለው ጥናት ይህንኑ ሕክምና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ትልልቅ ሆስፒታሎች በ408 ሕፃናት ፈተሸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ካልቀዘቀዙት ሕፃናት የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ። ከቀዘቀዙት 42 በመቶው ሞቱ። ሌላ ቦታ ሕይወት ያተረፈው ሕክምና እዚያ ለሞት ዳረገ። ተመራማሪዎቹም በደሃ አገሮች፣ ጥሩ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢኖር እንኳ፣ ማቀዝቀዙ እንዳይሰጥ መከሩ።

ክብርት ሚኒስትር፣ ይህ ጥናት ባይሠራ ኖሮ እኛም በቅን ልብ መሣሪያውን ገዝተን በየሆስፒታሉ እናስገባው ነበር። የእኛ ልጆች አፈጣጠር የተለየ ስለሆነ አይደለም። እናቲቱ በእርግዝና ያገኘችው ምግብ፣ የምጡ ርዝመት፣ ኢንፌክሽኑ፣ ሪፈሩ የፈጀው ሰዓት ይለያያል። ከወሊድ በኋላ ያለውም እንደዚሁ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለወላጅ የሚሰጥ የቤት ልምምድ መኪና፣ ስልክና የሚደውል ባለሙያ ያላት እናት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ደብረ ታቦር ዙሪያ ያለች፣ ውኃ ቀድታ እንጀራ ጋግራ ሌሎች ልጆች የምታሳድግ እናት ጋ ሲደርስ በቀን ስንት ደቂቃ ይሆናል? በየትኛው ሰዓት? ማን ያግዛታል? ይህን ሜልቦርን ተቀምጦ የሚመልስ የለም።

እዚህ መልስ ስለሌለ ቤተሰብ መልሱን ገበያ ላይ ይፈልጋል። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ በየሳምንቱ አያቸዋለሁ። "ልጄን ለሕክምና ሕንድ ልወስድ ነው፣ እርዱኝ" ይላል ወላጅ። ዋሽንግተን ያለው አጎት ይልካል፣ ዱባይ ያለችው እህት ደመወዟን ትልካለች። ቤት የሸጡ አሉ። ከሚከፈልባቸው ነገሮች አንዱ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ለልጁ መስጠት ነው። ስቴም ሴል ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ እንደ ተረጋገጠ ሕክምና ሊሸጥ አይገባም። ሌላው በግፊት ክፍል ውስጥ ኦክስጅን መስጠት ነው። ይህኛው ተፈትሾ ያለቀ ነው። ካናዳ ውስጥ 111 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ንጹህ ኦክስጅን በግፊት አገኙ፣ ግማሾቹ በመጠኑ የተጨመቀ ተራ አየር። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲታወቅ ሁለቱም ወገን እኩል ተሻሽሎ ተገኘ። ልጆች ያድጋሉ፤ ወላጅም ከልጁ ጋር በየቀኑ ሰዓታት ሲያሳልፍ ልጁ ይነቃቃል። የሚነጻጸር ቡድን ባይኖር ኖሮ ምስጋናው ሁሉ ለኦክስጅኑ ይሆን ነበር። ለነዚህ ቤተሰቦች "ገንዘባችሁን አታባክኑ" ለማለት አፌን ሞልቼ የምናገረው የአገሬ ማስረጃ እፈልጋለሁ።

ጥናት ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ወደ ዩጋንዳ ይመልከት። ኢጋንጋና ማዩጌ በተባሉ የገጠር ወረዳዎች፣ ሕዝቡ በየጊዜው በሚመዘገብበት ቦታ፣ ከ31 ሺህ በላይ ሕፃናትን ቤት ለቤት ፈትሸው 86 ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው አገኙ። ከሺህ ሕፃናት ወደ ሦስት ይጠጋል። ልጆቹን ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የመሞት ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው 25 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እኛ አገር በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። የዩጋንዳውን መጠን ብንወስድ በየዓመቱ 9 ሺህ ገደማ ልጆች ማለት ነው። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ እኔ በወረቀት የማሰላው ነገር መሆን አልነበረበትም።

ዩጋንዳውያን በመቁጠር አልቆሙም። አክዌንዳ የሚባል መርሐ ግብር አዘጋጁ። በውስጡ የወላጆች ቡድን ሥልጠና፣ ቴራፒ፣ ዊልቸርና መቆሚያ የመሳሰሉ መሣሪያዎች፣ ከማኅበረሰቡ ጋር የሚደረግ ውይይት አለ። የጠቀመ እንደሆነ ለማወቅ ልጆቹን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ወዲያው ጀመረ፤ ሁለተኛው ተራውን ጠብቆ በኋላ ያንኑ እንዲያገኝ ተደረገ። ይህ አሠራር ለእኛ በጣም ይስማማል ብዬ አምናለሁ። እናቶች "ጥናት" ሲባሉ መጀመሪያ የሚሉት "ልጄን መሞከሪያ አታድርጉብኝ" ነው። ፍርሃታቸው ልክ ነው፤ መከበር አለበት። ሁሉም በተራው የሚያገኝበት፣ በራሳቸው ቋንቋ ተነግሯቸው የሚስማሙበት፣ በፈለጉ ሰዓት ሕክምናቸውን ሳያጡ የሚወጡበት ጥናት ሲሆን ግን የሚገቡ ይመስለኛል።

ለዚህ የሚሆን ቦታ አለን። ቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕዝብ ይመዘገብበታል። ዳባት፣ ጊልገል ጊቤና ቀርሳም ተመሳሳይ ጣቢያዎች አሉ። ቤት ለቤት የሚሄድ ሠራተኛ፣ የልጆች ስምና ዕድሜ ያለበት መዝገብ፣ የሚመራቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው። እዚያ ላይ "ልጁ አንገቱን ያዘ? ተቀመጠ? ሁለቱን እጆቹን እኩል ይጠቀማል?" የሚሉ ጥቂት ጥያቄዎች መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተጠረጠረውን ሕፃን ደግሞ የሠለጠነ ባለሙያ በሃመርስሚዝ የነርቭ ምርመራ ያየዋል። ማሽን የማይፈልግ፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ ነው። ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ሆኖ ልጁን ከስድስት ወሩ በፊት ለመለየት ያስችላል።

ሰውም አለን። አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ሙከራዎች ማዕከል፣ ሲዲቲ አፍሪካ፣ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መብላትና መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን የማለማመድ ሕክምና) ትምህርትም ከፍቷል። የእድገት መዘግየትና ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠና እዚህ አገር ተሞክሯል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጋር ሠርተውበታል። ለሴሬብራል ፓልሲ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የመጀመሪያው ጥናት ምን ላይ ይሁን ቢሉኝ መልሴ አንድ ነው። የወላጆች ቡድን ሥልጠና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል። በአንድ ቀበሌ ያሉ እናቶች በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ። ልጁን እንዴት ቀና አድርገው እንደሚያበሉት ይማሩ፤ ተኝቶ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ብዙዎቹ የሚሞቱብንም በዚህ በሚመጣ የሳንባ ምች ነው። እንዴት እንደሚያስቀምጡት፣ ምን እንደሚያለማምዱት ይማሩ። ጋና ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጠና ተሞክሮ የእናቶቹ እውቀትና የኑሯቸው ሁኔታ መሻሻሉ ታይቷል። እኛ ከዚያ አልፈን የልጆቹን ክብደት፣ የሆስፒታል ምልልሳቸውንና በሕይወት መቆየታቸውን እንለካ።

ጥናት እስኪጠናቀቅ መጠበቅ የሌለባቸው ነገሮችም አሉ፤ በአጭሩ ላንሳቸው። ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት ማግኒዥየም ሰልፌት መስጠት የልጁን የሴሬብራል ፓልሲ ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ32 ሳምንት በፊት ለሚሆን ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2015 መክሮታል። መድኃኒቱን ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) ብለን በየሆስፒታሉ ይዘነዋል። ለዚህኛው አገልግሎት በስንቱ ሆስፒታል እንደሚሰጥ ይታይ። የዳሌ ራጅም እንዲሁ ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የእነዚህን ልጆች ዳሌ በየጊዜው በራጅ እየተከታተሉ ዳሌ መውጣትን ከሞላ ጎደል አጥፍተውታል። ራጅ አለን፤ የጎደለን ቀጠሮው ነው።

ወላጆች በጥናቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። ምን እንደሚለካ እነሱም ይወስኑ። እኛ ባለሙያዎች የጉልበት መታጠፊያ ዲግሪ መለካት እንወዳለን፤ አንዲት እናት ግን የጠየቀችኝ "ሽንት ቤት ለብቻው መቀመጥ ይችል ይሆን?" ብላ ነው። ውጤቱም የውጭ መጽሔት ላይ ብቻ ታትሞ አይቅር። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ለወላጆቹ ይነገር።

የዓለም የሴሬብራል ፓልሲ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ይውላል። ከዚያ በፊት ሚኒስቴሩ አንድ የሥራ ክፍል ሰይሞ፣ ከምዝገባ ጣቢያዎቹ አንዱን መርጦ፣ ለመጀመሪያው ጥናት የተያዘውን በጀት በይፋ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። በሥልጠናውም ሆነ በቤት ለቤት ምርመራው ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። እንደ እኔ የሚጠብቁ የሥራ ባልደረቦችም አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
አዲስ አበባ