ዘይቤውን ለይተሽ ካወጣሽ በኋላ

ውድ ልጄ፣

ስለ ሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ተውኔት የጻፍሽውን ትንታኔ በጥሞና አነበብሁት። ምጸቱን (የሚባለው ወይም የሚሆነው ከታሰበው ተቃራኒ የሚሆንበትን)፣ ድግግሞሹንና ተለዋጭ ዘይቤውን ነቅሰሽ አውጥተሻል፤ ሆኖም እያንዳንዱን በስሙ ከጠራሽ በኋላ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ፣ ከገዳዮቹ አንዱ ስለሆነው ስለ ብሩተስ፣ «ብሩተስ የተከበረ ሰው ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መደጋገሙን ማንም አንባቢ ያስተውለዋል፤ ከአንቺ የሚጠበቀው በተደገመ ቁጥር ትርጉሙ እንዴት እንደተለወጠ ማሳየት ነው።

አንቶኒ በቄሳር አስከሬን ፊት እንዲናገር የተፈቀደለት ገዳዮቹን እንዳይወቅስ ተስማምቶ ስለሆነ፣ የቀረው መንገድ እያመሰገኑ መውቀስ ብቻ ነው። ቄሳር የምርኮኞችን ማስለቀቂያ ገንዘብ ለሕዝብ ግምጃ ቤት ማስገባቱን፣ ድሆች ሲያለቅሱ አብሮ ማልቀሱን፣ ዘውድ ሦስት ጊዜ ቀርቦለት ሦስት ጊዜም አልቀበልም ማለቱን እያነሣ፣ ያችኑ ምስጋና ደግሞ ደጋግሞ ያስከትላል። ምስጋናዋ መጀመሪያ ከልብ የመነጨች ትመስላለች፤ ቀጥላ ታጠራጥራለች፤ በመጨረሻም ከሕዝቡ አንዱ፣ የተከበሩ የተባሉት ከሃዲዎች እንደሆኑ ይጮኻል። ቃሉ ከአንቶኒ አፍ አልወጣም። ቄሳር ለሕዝቡ የተወው ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ የንግግሩ ቁልፍ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እኔ ግን ኑዛዜው ከመነበቡ በፊት ነገሩ አልቋል ባይ ነኝ።

ምጸት ስትዪም ዓይነቱን ለዪ። በሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ተመልካቹ ገዳዩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ንጉሡ ሳያውቅ ራሱን ሲረግም ይሳቀቃል። በ1884 እ.ኤ.አ. በታተመው የሞፓሳን አጭር ልብ ወለድ ግን ማቲልድ ተውሳ የጣለችው የአንገት ሐብል አርቴፊሻል መሆኑን የምንሰማው፣ እርሷ ለምትኩ ዐሥር ዓመት ዕዳ ስትከፍል ከኖረች በኋላ በመደምደሚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ምጸቱ ታሪኩን መልሰን በሌላ ዓይን እንድናነብ ያስገድደናል።

ንግግር ስትተነትኚ ደግሞ የተነገረበትን ቦታ አትዝለዪ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. መቶ ዓመትን «አምስት ጊዜ ሃያ» ብሎ የቈጠረው፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 በጌቲስበርግ «አራት ጊዜ ሃያ ከሰባት ዓመት በፊት» ብሎ ንግግሩን የከፈተበትን አቈጣጠር እያስታወሰ፣ በሊንከን መታሰቢያ ሐውልት ፊት ቆሞ ነው።

ጽሑፍሽን ስታሻሽዪ የብሩተስንም ንግግር ጨምሪበት። እርሱም ይደጋግማል፤ ቄሳርን መውደዱን ሮምን ከመውደዱ ጋር እያነጻጸረ ዓረፍተ ነገሮቹን በሚዛን ይደረድራል፤ ነገር ግን የሚናገረው በዝርው ነው፣ አንቶኒ በግጥም። ያው ሕዝብ ለብሩተስ ካጨበጨበ በኋላ በዚያው ትዕይንት ለምን እንደከዳው ከሁለቱ ንግግሮች ቃላት ብቻ ተነሥተሽ አስረጂኝ።

አባትሽ