አንድ ቢያጆ ከጂጂ ካሴት ጋር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ስለ አዳዲስ አልበሞች የምታወጡትን ገጽ አላልፈውም። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሮጌ አልበም እኔ ልጻፍላችሁ። ከቡሬ አዲስ አበባ በርበሬ ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ። ጽሑፌ ቢንገጫገጭ በአይሱዙው አሳብቡ።

አልበሙ የጂጂ ነው፤ የእጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒዋ። በ2001 እንደ ፈረንጆች በራሷ ስም «ጂጂ» ተብሎ የወጣው። ከዚያ በፊትም ሠርታለች። ከዓለም ጋር ያስተዋወቃት ግን ይኸኛው ስለሆነ፣ ለእኔ የመጀመሪያዋ እሱ ነው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ አልወደድኩትም። በማሲንቆ ያደገ ጆሮ ሳክስፎን ሲሰማ ይደነግጣል። ካሴቱን ይዤ ወደ ሻጩ ልጅ ሄድኩና «ለውጥልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቢያጆ ይስሙትና ይመለሱ» አለኝ።

ያ ቢያጆ ጉድ ሠራኝ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ እየወረድኩ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ይዣለሁ። ፍሬኑ መሽተት ጀምሯል፤ ረዳቴ ታኮውን እግሩ ሥር አድርጎ ዝም ብሏል። ካሴቱ «አባይ» የሚለው ዘፈን ላይ ደረሰ። ወንዙን በስሙ እየጠራች ታናግረዋለች። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ወርጃለሁ፤ ወንዙን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሾፌር የሚያየው ኩርባውን ነው። ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደወጣን ጥግ ይዤ ቆምኩ። ረዳቴ ጎማ የፈነዳ መስሎት ታኮውን ይዞ ዘለለ። «ወንዙን ላይ ነው» አልኩት። ያመመኝ መሰለው።

ከሳክስፎኑ ጋር ያስታረቀችኝ ደግሞ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረው። ድዷን ጉራማይሌ የተነቀሰች ሴት ነበረች። ጥጥ እየፈተለች ካሴቱን ከፈትኩላት። «ጉራማይሌ» የሚለው ዘፈን ሲመጣ እንዝርቷን አቁማ ሰማች። «የእኛን ዜማ ከፈረንጅ መሣሪያ ጋር ቀላቅላ አበላሸችው» አልኳት። እናቴ ድዷን አሳይታኝ ሳቀች። «ታዲያ ስሙን ነግራህ የለ?»

እነማን እንደተጫወቱበት ያወቅሁት በኋላ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ሳክስፎን ነፍተውበታል፤ ሄርቢ ሃንኮክም አለበት። ጃዝ የሚወድ ልጄ ይኼን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እሱ ጂጂን ያወቃት በእነሱ ነው፤ እኔ እነሱን ያወቅኋቸው በጂጂ።

ሁሉንም ዘፈን እኩል እወዳለሁ ብዬ አልዋሽም። ሁለት ሦስቱ ላይ ባሱና ከበሮው ይጋፏታል። ድምጿ ለብቻው ሲቀር ግን፣ የሰንበት ጠዋት የአገር ቤት ጸጥታ ይመስለኛል።

ካሴቱ ብዙ አልቆየም። ጋቢናው ውስጥ በሙቀት ተጣመመ፤ ቴፑም አንድ ቀን በላው። ክሩን በእስክሪብቶ አጠንጥኜ፣ የተበጠሰውን በባለቤቴ የጥፍር ቀለም አጣበቅኩት። «አባይ» ላይ አንዲት ስንኝ ጠፋች።

አሁን ልጄ ስልኬ ላይ ሙሉውን ጭኖልኛል። አብሬ ሳንጎራጉር እዚያች ቦታ ስደርስ ግን፣ እሷ ትዘፍናታለች፤ እኔ እዘላታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቡሬ