በሩን የዘጋችው አጫዋች

የኔ እናት፣

ትናንት ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። አክስትሽ «ሰው ፊት መገለባበጥ ዓይን አውጣነት ነው» እንዳለችሽ ስትነግሪኝ የምመልስልሽ ጠፋኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ያቺ ቃል አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1574 ቶማስ ኖርተን የሚባል ሕግ አዋቂ፣ የጣሊያን ሴቶች ለንደን ላይ አክሮባት ሲሠሩ ሕዝቡ ለማየት መሰብሰቡ አናደደውና ሥራቸውን ልክ እንደ አክስትሽ «ዓይን አውጣ» ብሎ ጻፈ። ስማቸውን እንኳ አላስቀመጠልንም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አየር ላይ ዞሮ በእግር ማረፍ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ በስድስት ዓመትሽ ፍራሹ ላይ በግንባርሽ ስትወድቂ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ።

ቤተ መንግሥት ውስጥም ነገሥታቱን በቀልድ የሚያስቁ ሴት አጫዋቾች ነበሩ። ጄን የምትባለው የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ ልጅ የልዕልት ሜሪ አጫዋች ነበረች። ስለ እሷ በብዛት የቀረልን የወጪ መዝገብ ነው፦ ጫማ፣ መርፌ፣ ፀጉሯን ለላጨው 4 ፔኒ። በ1545 አካባቢ በተሳለው የንጉሡ ቤተሰብ ሥዕል ላይ፣ በግራ በኩል በር ላይ የቆመችው ሴት እሷ ሳትሆን አትቀርም ይባላል። ያሳቀችበት ቀልድ ግን አንድም አልተመዘገበም። የመርፌ ሳንቲም ተጽፎ የሴትየዋ ቃል ይጥፋ? ሆድ ይበላል።

ከሁሉም የምወዳት ግን የፈረንሳይዋን ማቱሪንን ነው። እንደ ጦረኛ ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ ነበር የምታጫውተው። ዲሴምበር 27 ቀን 1594 ፓሪስ ውስጥ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ተንበርክከው እጅ የነሱትን ሰዎች ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣ ዣን ሻቴል የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ጉሮሮውን ብሎ በቢላ ሰነዘረ። ጎንበስ በማለቱ ተረፈ፤ ከንፈሩ ተቀደደ፣ ጥርሱ ተሰበረ። ንጉሡ መጀመሪያ የጠረጠረው ማንን መሰለሽ? ማቱሪንን! በጨዋታ የመታችው መስሎት «ይቺ እብድ አቆሰለችኝ» ብሎ ረገማት። እሷ ግን አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም፣ ሮጣ ሄዳ ማንም ሳይወጣ በሩን ዘጋችው። ሻቴል እዚያው ተያዘ።

ሰው ሁሉ ለሳቅ ብቻ የሚያያት ሴት ነበረች እኮ። አክስትሽን እኔ አናግራታለሁ፣ ለሷ አትመልሺላት፣ ታላቅሽ ናት።

ቅዳሜ ከፊት ወንበር ያዢልኝ። የእጅሽን አንጓ ደግሞ በፋሻ ጠቅልዪው፤ ባለፈው አብጦ አይቼዋለሁ።

አባትሽ